ወቅቱን በሳቅ መክፈት

በኖቬምበር 1825 መጀመሪያ (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሊቨርፑል የተነሳች መርከብ ኒው ዮርክ ወደብ ስትደርስ የኦፔራ ቡድን አሳፍራ ነበር። የቡድኑ አለቃ የሃምሳ ዓመቱ ስፔናዊ ቴኖር (ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ወንድ ዘፋኝ) ማኑኤል ጋርሲያ ነው። ሚስቱ ዮአኪና፣ የሃያ ዓመት ልጁ ማኑኤል ፓትሪሲዮ፣ የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጁ ማሪያ፣ እንዲሁም ገና የአራት ዓመት ሕፃን የነበረችው ፓውሊን አብረውት ናቸው፤ ከቤተሰቡ ውጭ ደግሞ ጥቂት ዘፋኞች አሉ። ኒው ዮርክ በዚያ ሰሞን ፈንጠዝያ ላይ ነበረች። ሀድሰን ወንዝን ከኢሪ ሐይቅ የሚያገናኘው ቦይ ተመርቆ ገና ቀናት መቆጠራቸው ነው፤ የአገሪቱ ንግድ ሁሉ በእርሷ በር ሊያልፍ መሆኑን ነዋሪዎቿ አውቀዋል። ሀብት ያገኘ ከተማ ደግሞ ውሎ አድሮ የጥበብ ቤት ያምረዋል። ዶሚኒክ ሊንች የሚባል የወይን ጠጅ ነጋዴ ይህን ምኞት ወደ ሥራ ለወጠው፤ ከፓርክ ቴአትር አስተዳዳሪ ከስቲቨን ፕራይስ ጋር ተስማምቶ የጋርሲያን ቡድን ከለንደን አስመጣ።

እስከዚያ ድረስ ኒው ዮርክ የጣሊያንን ኦፔራ የምታውቀው ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ፣ ተቆራርጦ፣ የአገሬው ዘፈን ተጨምሮበት ነው። በራሱ ቋንቋና በሙሉ መልኩ፣ ለዚሁ ጥበብ በሠለጠኑ ሰዎች ሲቀርብ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ስለዚህ የጋርሲያ የመጀመሪያ ውሳኔ ከባድ ነበር፦ ወቅቱን በየትኛው ሥራ ይክፈት? በእጁ ብዙ ነበረው። የሮሲኒ ኦቴሎ ነበረው፤ ሞትና ቅናት የሞላበት፣ ታዳሚን የሚያስለቅስ ሥራ ነው። ታንክሬዲ ነበረው። የሞዛርት ዶን ጆቫኒም ነበረው። እርሱ ግን ኖቬምበር 29 ቀን መጋረጃውን የገለጠው በኮሜዲ ነው፤ በሮሲኒ የሴቪላው ፀጉር አስተካካይ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ቀላሉን መረጠ ይላል። እኔ እንደማምነው ግን ጋርሲያ የመረጠው ከሁሉ የሚከብደውን ነው፤ ዛሬም ወቅቱን በዚህ ሥራ የሚከፍት ኩባንያ ድፍረቱ ሊመሰገን ይገባዋል። ምክንያቱን ለማየት ወደ ኋላ ዘጠኝ ዓመት፣ ወደ ሮም መመለስ ያስፈልጋል።

በዚያ ዘመን የጣሊያን ቴአትር ቤቶች ዋና ወቅት የቅበላው ሰሞን ነበር። ከገና ማግስት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ከተማው ይጨፍራል፣ ቴአትር ቤቱም አዳዲስ ኦፔራ ያቀርባል፤ ጾሙ ሲገባ ጨዋታው ያበቃል። ስለዚህ ሁሉም ሥራ በጥድፊያ ይሠራ ነበር። የሮሙ የአርጀንቲና ቴአትር ባለቤት መስፍን ፍራንቼስኮ ስፎርሳ ቼዛሪኒ ከሮሲኒ ጋር ውል የተፈራረሙት ዲሴምበር 15 ቀን 1815 ነው። በውሉ መሠረት ሮሲኒ የሚሰጠውን ግጥም ሁሉ ተቀብሎ ዜማ ማበጀት፣ ልምምዱን መምራትና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ትርኢቶች ራሱ በመሣሪያው ላይ ተቀምጦ ኦርኬስትራውን መከታተል ነበረበት። ክፍያው 400 ስኩዲ ነው። ቴኖሩ ማኑኤል ጋርሲያ ግን 1,200 ተቆርጦለታል፤ የዚያን ጊዜ ታዳሚ ቴአትር ቤት የሚመጣው ለዘፋኙ እንጂ ለዜማ ደራሲው አልነበረም።

ታሪኩ የተወሰደው ከፈረንሳዊው ቦማርሼ የ1775 ተውኔት ነው፤ ለኦፔራ የሚሆነውን ግጥም ቼዛሬ ስተርቢኒ ጻፈው። አዛውንቱ ዶክተር ባርቶሎ በአሳዳጊነት የያዛትን ወጣት ሮዚናን፣ ከነጥሎሿ፣ ሊያገባ ያስባል፤ ከቤት እንዳትወጣም ቆልፎባታል። ወጣቱ ኮንት አልማቪቫ ወዷታል። ቤቱ የሚገባበትን ዘዴ የሚፈጥርለት የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ፊጋሮ ነው፤ ይላጫል፣ ደም ይቀዳል፣ ደብዳቤ ያደርሳል፣ ጋብቻ ያስማማል፣ የማይገባበት ቤት የለም። ኮንቱ አንዴ ደሃ ተማሪ፣ አንዴ የሰከረ ወታደር፣ አንዴ ደግሞ የሙዚቃ መምህር መስሎ ይቀርባል። በመጨረሻ ሁለቱ ይጋባሉ፤ ባርቶሎ ጥሎሹን አግኝቶ ይጽናናል።

ሮሲኒ ይህን ሁሉ ከሦስት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ጽፎ ጨረሰ። ገና ሃያ አራተኛ ዓመቱን አልደፈነም። ልምምዱ እየተጣደፈ ሳለ መስፍኑ ስፎርሳ ቼዛሪኒ በድንገት አረፉ፤ ትርኢቱ ከመከፈቱ ከአራት ቀን በፊት መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ሌላ ስጋት ነበር። ይህንኑ ታሪክ ታላቁ ጆቫኒ ፓይዚዬሎ በ1782 ለሩሲያዋ ንግሥት ለካትሪን በሴንት ፒተርስበርግ በዜማ ደርሶት፣ በመላው አውሮፓ ይወደድ ነበር። ሽማግሌው ገና በሕይወት አለ። ሮሲኒ የሽማግሌውን ክብር ለመጠበቅ ሲል የኦፔራውን ስም አልማቪቫ ብሎ ቀየረ፤ በታተመው ግጥም ላይም ለፓይዚዬሎ ያለውን አክብሮት የሚገልጽ ማስታወቂያ አስጻፈ። የፓይዚዬሎን ወዳጆች ግን ይህ አላበረዳቸውም።

ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1816 የሆነውን የምናውቀው በዋነኛነት ሮዚናን ሆና ከዘፈነችው ከጀልትሩዴ ሪጌቲ ጆርጂ ማስታወሻ ነው። እንደ እርሷ ትረካ ሕዝቡ ገና ከመጀመሪያው ለማፏጨት ተዘጋጅቶ ነበር የገባው፤ የሮሲኒ ልብስ ሳይቀር ተሳቀበት። ጋርሲያ በመስኮቱ ሥር ሊዘፍን ሲል የጊታሩ ክር ተበጠሰ። የሙዚቃ መምህሩን ባዚሊዮን ሆኖ የወጣው ቪታሬሊ ተደናቅፎ ወድቆ አፍንጫው ደማ፣ ደሙን እየጠረገ ዘፈነ። ድመት መድረኩ ላይ ወጥታ ዘፋኞቹን አስጨነቀች፣ ታዳሚውም እንደ እርሷ ይጮህ ጀመር። በማግስቱ ሮሲኒ ከቤቱ አልወጣም። ሁለተኛው ትርኢት ግን በጭብጨባ ተሞላ፤ ሕዝቡ ችቦ ይዞ ደራሲውን ሊያመሰግን ወደ ማደሪያው ሄደ። በአንድ ሌሊት ሙዚቃው አልተለወጠም። የተለወጠው ሰዉ መስማት መጀመሩ ነው።

እንግዲህ ያ ሕዝብ ሲረጋጋ የሰማው ምን ነበር? እዚህ ላይ ቆም ብለን በዝርዝር እንየው፤ የምዕራፉ ዋና ነገር ይህ ነውና።

ሮሲኒ የሚታወቅበት አንድ ዘዴ አለ፤ ሙያተኞቹ የሮሲኒ ክሬሼንዶ ይሉታል። አጭር ሐረግ ይጀምራል፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በጥቂት መሣሪያ። ያው ሐረግ ይደገማል፤ አንድ መሣሪያ ይጨመራል። እንደገና ይደገማል፤ ሌሎች ይገባሉ፣ ድምፁ ያድጋል። ፍጥነቱ ግን አይለወጥም፣ ሐረጉም አይለወጥም። ሰሚው ማደጉን የሚያስተውለው ኦርኬስትራው በሙሉ ሲያስተጋባ ነው። ይህን ዘዴ ሮሲኒ ለተራ ማስደነቂያ ብቻ አላዋለውም። ምቀኛው የሙዚቃ መምህር ባዚሊዮ አልማቪቫን ከከተማው ለማስወጣት ለባርቶሎ የሚመክረው ስሙን በሐሜት ማጥፋትን ነው፤ በዘፈኑም ሐሜት እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። ቡና ላይ በአንድ ጆሮ የተንሾካሾከ ነገር እስከ ማታ መንደሩን እንደሚያዳርስ ሁሉ፣ ሙዚቃውም ከቫዮሊኖች ሹክሹክታ ተነስቶ የመድፍ ፍንዳታ እስኪመስል ድረስ ያብጣል። ግጥሙ የሚናገረውን ነገር ኦርኬስትራው በተግባር ያደርገዋል። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ ምን እየተወራ እንደሆነ ይገባዋል፤ ጋርሲያ ጣሊያንኛ ወደማያውቅ ሕዝብ ይዞት ለመምጣት የደፈረውም በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላው ዘዴ ፍጥነት ነው። ፊጋሮ ገና መድረክ ላይ ሳይታይ ከመጋረጃ ጀርባ እየዘፈነ ይመጣል፤ ከዚያ ሁሉም ሰው እንዴት እንደሚፈልገው፣ ከዚህም ከዚያም እንዴት እንደሚጠራ ሲተርክ ቃላቱ እየፈጠኑ፣ ምላስ የሚያስተሳስር ፍጥነት ላይ ይደርሳሉ። ዶክተር ባርቶሎ ሮዚናን ሲገሥጽ የሚዘፍነው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ካልተሰማ ቀልዱ ይሞታል፤ ትንፋሽ በተሳሳተ ቦታ ከተሳበ ደግሞ ኦርኬስትራው ጥሎ ይሄዳል። ይህ ዘፈን ከባድ ከመሆኑ የተነሳ በዚያው በ1816 በፍሎረንስ ሲታይ ፒየትሮ ሮማኒ የሚባል ሙዚቀኛ በጻፈው ቀለል ያለ ዘፈን ተተካ፤ ምትኩ ለረጅም ዓመታት በብዙ መድረኮች ላይ ቆየ። ለጋርሲያ ድምፅ የተጻፈው የአልማቪቫ የመጨረሻ ረጅም የብቻ ዘፈንም በክብደቱ ምክንያት ለትውልዶች ተቆርጦ ቀርቷል። ሮሲኒ ዜማውን በቀጣዩ ዓመት ላ ቼነሬንቶላ በተባለው ኦፔራው መጨረሻ ላይ ለሴት ድምፅ አድርጎ ተጠቀመበት።

ስለ ቆጣቢነቱ ከተነሳ፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሳቅ ምልክት የሆነው የኦፔራው መክፈቻ ሙዚቃም ለዚህ ኦፔራ አልተጻፈም። በመጀመሪያ በ1813 በሚላን ስለ ሮማዊው ቄሣር አውሬሊያኖ ለሚያወራ ቁም ነገረኛ ኦፔራ፣ ከዚያም በ1815 በኔፕልስ ስለ እንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ለሚያወራ ሌላ ኦፔራ አገልግሏል። አንዳንዶች ይህን እንደ ስንፍና ቆጥረው ሮሲኒን ይወቅሱታል። እኔ አልወቅሰውም። ሙዚቃ በራሱ ሳቅም ልቅሶም እንዳልሆነ፣ የሚከተለው ታሪክ ትርጉም እንደሚሰጠው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን በሁለተኛው ክፍል ያለው የአምስት ሰዎች ዝማሬ ነው። ኮንቱ የባዚሊዮ ምትክ መምህር ነኝ፣ ባዚሊዮ ታሟል ብሎ ዋሽቶ ቤት ገብቷል። ሮዚና ትምህርቷን እየተማረች፣ ፊጋሮም ባርቶሎን ሊላጭ እየተሰናዳ ሳለ ባዚሊዮ ራሱ በሩን ከፍቶ ይገባል፤ ጤነኛ ነው፣ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። ሁሉም ይደነግጣሉ። ኮንቱ የገንዘብ ከረጢት እጁ ላይ ጣል ያደርግለታል፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ ፊትህ ገርጥቷል፣ ትኩሳት አለብህ፣ ሂድና ተኛ ይሉታል። ባዚሊዮ ነገሩ አልገባውም፤ ከረጢቱ ግን ገብቶታል። ከዚያ መሰነባበት ይጀመራል፣ በሚያምር የተረጋጋ ዜማ፤ ደህና እደር ይሉታል፣ አይወጣም፤ እንደገና ይሉታል፣ በሩ ጋ ደርሶ ይመለሳል። ዜማው እየለዘበ በሄደ ቁጥር የሰዎቹ ትዕግሥት እያለቀ ይሄዳል። ሮሲኒ ጭንቀትን በጩኸት ሳይሆን በጨዋነት ነው የገለጸው። አምስቱ ዘፋኞች አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እያዳመጡ ካልዘፈኑ ይህ ቦታ ይፈርሳል፤ በትክክል ሲሠራ ግን በኦፔራ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሰው ልጅን የሚያውቅ ትዕይንት ጥቂት ነው።

አሁን ጋርሲያ ለምን እንደ መረጠው ይገባናል። በመጀመሪያው ክፍል ዋና ዋናዎቹ ሰዎች ተራ በተራ እየወጡ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ዘፈን ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ፤ መጀመሪያ ኮንቱ፣ ቀጥሎ ፊጋሮ፣ ከዚያ ሮዚና፣ ባዚሊዮ፣ ባርቶሎ። አዲስ ቡድን ለአዲስ ከተማ ማን እንደሆነ ለመንገር ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። የክፍሉ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁሉም በአንድ መድረክ ተሰብስበው፣ ወታደር ሲገባ ደንግጠው እንደ ሐውልት ይደርቃሉ፣ ከዚያም የሁሉም ጭንቅላት በመዶሻ እንደሚቀጠቀጥ በሚመስል ማዕበል ውስጥ ይገባሉ፤ ቡድኑ ቡድን መሆን አለመሆኑ እዚያ ላይ ይታወቃል። በአሳዛኝ ኦፔራ አንዲት ታላቅ ዘፋኝ ደካማ ጓደኞቿን ልትሸፍን ትችላለች። በዚህ ግን ማንም ማንንም አይሸፍንም።

የገንዘቡም ነገር አለ፤ አለመጥቀስ አይገባም። የሴቪላው ፀጉር አስተካካይ ብዙ ዋና ዘፋኝ አይጠይቅም፣ ኅብረ ዘማሪው ወንዶች ብቻ ናቸው፣ ኦርኬስትራው ትልቅ አይደለም፣ አብዛኛው ነገር በአንድ ቤት ውስጥ ያልቃል። በፓርክ ቴአትር የነበሩት የጋርሲያ ሙዚቀኞች ሠላሳ አይሞሉም። የአልማቪቫ ሚና ቀድሞውኑ የአባትየው ነው፤ በሮም ክሩ የተበጠሰውን ጊታር የያዘው እርሱ ራሱ ነበር፣ የተወለደውም በሴቪላ ነው። ልጁ ፊጋሮ ሆነ፣ ሚስቱ የቤት ሠራተኛዋን ቤርታን ተጫወተች፣ ማሪያ ደግሞ በዚያው ዓመት በለንደን ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ የወጣችበትን ሮዚናን ያዘች። ባርቶሎ ሮሲች፣ ባዚሊዮ አንግሪሳኒ ነበሩ።

በዚያች ምሽት ከ2,000 በላይ ሰው የሚይዘው ቴአትር ቤት የከተማው ታላላቆች መሰብሰቢያ ሆነ። የናፖሊዮን ታላቅ ወንድም፣ የቀድሞው የስፔን ንጉሥ ጆሴፍ ቦናፓርት፣ በስደት ከሚኖርበት ከኒው ጀርሲ መጥቶ ተገኝቷል። ደራሲው ጄምስ ፌኒሞር ኩፐርም ነበር። ግጥሙ በጣሊያንኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ ስለ ነበር ማንበብ የፈለገ ማንበብ ይችል ነበር። ከተማው በአንድ ሌሊት በማሪያ ፍቅር ወደቀ። በቀረው ወቅት ሁሉ ጋርሲያ ኮሜዲውን ከሌሎች ጋር እያፈራረቀ አቀረበ፤ ኦቴሎ፣ ታንክሬዲ፣ ላ ቼነሬንቶላ፣ እርሱ ራሱ የደረሳቸው ኦፔራዎችም ጭምር። በሜይ 1826 ዶን ጆቫኒ ሲቀርብ የኦፔራውን ግጥም ከሠላሳ ስምንት ዓመት በላይ አስቀድሞ የጻፈው ሎሬንሶ ዳ ፖንቴ ኒው ዮርክ ውስጥ ጣሊያንኛ እያስተማረ የሚኖር ሽማግሌ ነበር፤ ሥራው በአዲሱ ዓለም ሲዘፈን ለማየት በቃ። ይህ ሁሉ የተቻለው የመጀመሪያዋ ምሽት የሕዝቡን እምነት ስለገዛች ነው።

ጋርሲያ ከኒው ዮርክ ወደ ሜክሲኮ ተሻገረ፤ ከዚያ ወደ አውሮፓ ሊመለስ ሲል በመንገድ ላይ ሽፍቶች ያፈራውን ገንዘብ ዘረፉት። ማሪያ በኒው ዮርክ ማሊብራን የተባለ ነጋዴ አግብታ በእርሱ ስም የዘመኑ ዝነኛ ዘፋኝ ሆነች፣ በሃያ ስምንት ዓመቷም ሞተች። ፊጋሮ የነበረው ወንድሟ ድምፁ ባይዘልቅለትም መምህር ሆነ፤ በ1854 ጉሮሮውን በትናንሽ መስተዋቶች ተመልክቶ የድምፅ አውታሮች በሕያው ሰው ውስጥ ሲሠሩ አየ፣ ለሕክምናም ትልቅ በር ከፈተ፣ 101 ዓመትም ኖረ።

ዛሬ ኦፔራ ቤቶች ወቅታቸውን ሲከፍቱ ብዙ ጊዜ ከባዱን ድራማ ያስቀድማሉ። በሚላን የላ ስካላ መክፈቻ ከ1951 ጀምሮ በከተማው ጠባቂ ቅዱስ በአምብሮዝዮስ ቀን፣ ዲሴምበር 7፣ ይደረጋል፤ ያ ምሽት የመንግሥት ባለሥልጣናት የሚታዩበት ስለሆነ ክብደት ያለው ሥራ ተገቢ ተደርጎ ይቆጠራል። ኮሜዲ እንደ ዕረፍት፣ እንደ ማጣፈጫ ይታያል። ይህን አልቀበልም። የሴቪላው ፀጉር አስተካካይ የተናቀበት ምክንያት ራሱ ኦፔራው ሳይሆን አጨዋወቱ ነው፦ ለአሥርት ዓመታት ዘፋኞች በራሳቸው ጌጥ ሞልተውት፣ ሮዚና የተጻፈችለትን ዝቅተኛውን የሴት ድምፅ ትታ በከፍተኛው እየተዘፈነች፣ ቀልዱ በመውደቅና በመላፋት ተተክቶ ቆይቶ ነበር። አልቤርቶ ዜዳ የመጀመሪያዎቹን ጽሑፎች አስተያይቶ ያዘጋጀው ቅጂ በ1969 ከታተመና ክላውዲዮ አባዶ በላ ስካላ ከመራው በኋላ ግን ሥራው ወደ ንጽሕናው ተመለሰ። በዚያ መልኩ የሰማው ሰው ከባድ አይደለም ለማለት አይደፍርም። ቬርዲ ራሱ፣ ያን ያህል አሳዛኝ ኦፔራ የጻፈው ሰው፣ በስተርጅናው ከኮሜዲዎች ሁሉ ውቡ ይህ ነው ብሎ መስክሯል።

ሮም ያላችሁ አንባቢዎች የአርጀንቲና ቴአትር አሁንም ቆሞ ታገኙታላችሁ፤ በሌሎች ከተሞች የምትኖሩም ይህ ኦፔራ በአንዱ ወቅት ወይም በሌላው ከአጠገባችሁ መታየቱ አይቀርም። ቋንቋውን አናውቅም ብላችሁ አትቅሩ። ከ1983 ጀምሮ ትርጉሙን ከመድረኩ በላይ ማሳየት በቶሮንቶ ተጀምሮ በብዙ ቤቶች ተለምዷል። ታሪኩን አስቀድማችሁ አንብቡ፣ ርካሹን ትኬት ግዙ፤ ባዚሊዮ የማይወጣበት ትዕይንት ሲደርስ ግን ጽሑፉን ማንበብ ትታችሁ የአምስቱን ዘፋኞች ፊት ተመልከቱ።